የእናቴ ጉንጭ

እናቴ በግራ ጉንጯ ላይ ሦስት ጭረት ነበራት። ከዓይኗ ሥር ይነሱና ቁልቁል ወርደው አገጯ ጋ ሲደርሱ ይጠፋሉ። የመጀመሪያው ጠለቅ ያለ ነው፤ ሁለተኛው ቀጭን፤ ሦስተኛው ፀሐይ ላይ ካልሆነ አይታይም። ትንሽ ልጅ ሆኜ ጭኗ ላይ ተቀምጬ በጣቴ እየተከተልኩ እቆጥራቸው ነበር። የሰው እናት ሁሉ እንዲህ ይመስለኝ ነበር። እንዳልሆነ ያስተማረኝ ትምህርት ቤት ነው፤ አንደኛ ክፍል በገባሁ በሳምንቱ አንዷ ልጅ፣ «እናትሽን ድመት ነው የቧጨራት?» አለችኝ። የልጅ አፍ መቼም ልጓም የለውም። የኔም እጅ ልጓም አልነበረውምና ደብተሯን ጭቃ ውስጥ ወረወርኩላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እናቴ ትምህርት ቤት በር ላይ እንዳትመጣብኝ ሰበብ እፈልግ ጀመር።

የምንኖረው ኮልፌ ነው፤ ከ18 ማዞሪያ ቁልቁል ሲወረድ፣ ሦስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ፣ ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ ጉርድ ቀሚስ፣ የሠርግ ሰሞን ሲሆን የሚዜ ልብስ ትሰፋለች። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነው፤ ከጎኑ ለደንበኛ ተብሎ የተገዛ፣ ቁመት ሙሉ የሚያሳይ መስተዋት ቆሟል። እሷ ግን መስተዋቱን ጀርባዋን ሰጥታው ነው የምትሠራው። አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ መኪናው ጨርቅ ሳይኖርበት ባዶውን ሲሮጥ አገኘዋለሁ፤ እሷ በእግሯ እየረገጠች፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች። «እማዬ፣ ምን እየሰፋሽ ነው?» ስላት፣ ሳትዞር፣ «ዘይት አጠጥቼው እያሟሸሁት ነው» ትለኛለች። ብዙ ዘይት የሚጠጣ መኪና ነበረን።

ጭረቶቹ ከየት እንደመጡ ከኔ በስተቀር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አባቴ ወታደር ነበር። እኔ ገና ድክ ድክ ስል የሶማሌ ጦርነት ተነሣና ወደ ኦጋዴን ዘመተ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል አብሮት የዘመተ አንድ ቁስለኛ መጥቶ፣ «ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። መርዶ ተነገረ፤ ድንኳን ተተከለ። እኔ ከዚያ ሁሉ ትዝ የሚለኝ የአባቴ ፎቶግራፍ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ሲዞርና ሰው ሁሉ ንፍሮ ሲያስጨብጠኝ ብቻ ነው።

የቀረውን ትንሽ ከፍ ስል የነገሩኝ ጎረቤታችን ናቸው። ግቢውን ከሚጋሩን አንዷ፣ ጨርቅ የሚነግዱ ሙስሊም ሴት ነበሩ፤ ለእናቴ ከእህትም በላይ። እሳቸው እንደነገሩኝ እናቴ በለቅሶው ቀን አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። ደርቃ ተቀመጠች። ሰው እየመጣ ይጮሃል፣ ደረቱን ይደቃል፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች። ኋላ የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ፣ ከዘነበወርቅ እየጮሁ መጡ። አለቀሱ፣ አለቀሱ፣ ከዚያ መሃል ላይ ቆም አሉና እናቴን አይተው፣ «ምነው የዚችስ ፊት ደህና ነው? የሞተው ባሏ አይደለም እንዴ?» አሉ።

ድንኳኑ ሁሉ ዞሮ አያት። እናቴም ያኔ እጇን አነሣች። እድራችን ፊት መንጨት ክልክል ነው ብሎ ደንብ ያወጣው ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ ለእሷ አልደረሰላትም።

እኔን እስከዛሬ ደሜን የሚያፈላው ታዲያ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። እነዚያው ድንኳን ውስጥ የነበሩ ሴቶች፣ እንዲያ ካልሆነች ባሏን አትወድም ሊሏት የነበሩት፣ ዓመት ሳይሞላ፣ «ውይ እቴ፣ ፊትሽን አበላሸሽው እኮ!» ይሏት ጀመር። አንዷ ማርና እርድ ለውሰሽ ቀቢው ትላለች፤ ሌላዋ ሎሚ እሺው። በሐዘን የተላጨ ጸጉሯ ሲያድግ ደግሞ ግንባሯ ላይ ነጣ ነጣ ብሎ ነው የወጣው፤ ገና ሠላሳ እንኳ አልሞላትም። «ኧረ ቀለም ተቀቢ፣ ገና ልጅ እኮ ነሽ፣ ማን ያገባሻል?» ይሏታል። ልብስ ሊለኩ መጥተው፣ እሷ መርፌ በከንፈሯ ይዛ፣ ተንበርክካ የቀሚሳቸውን ጫፍ ስትለካ፣ ከላይ ቁልቁል እያዩ፣ «ቆንጆ ነበርሽ እኮ» ይላሉ። እንዴት ያለ ምርቃት ነው በሞቴ! እናቴ መርፌውን ከአፏ አውጥታ፣ «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» ትልና ወደ ጫፉ ትመለሳለች። እኔ ዛሬ እሷ ያኔ ከነበረችበት ዕድሜ በእጥፍ አልፌ ጸጉሬን በየወሩ እቀባለሁ፤ ስለዚህ በማንም ላይ አልፈርድም። በነዚያ ሴቶች ላይ ግን ትንሽ እፈርዳለሁ።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከቀበሌ አንድ ሰው ደብዳቤ ይዞ መጣ። ወረቀቱ ብዙ እጅ የዞረ ነው፤ አጣጥፈው አጣጥፈው መታጠፊያው ተበልቷል። ከአባቴ ነበር። አልሞተም። ቆስሎ ተማርኮ፣ ያንን ሁሉ ዓመት ሶማሌ አገር ታስሮ ኖሯል። ምርኮኞች ሊለቀቁ ነው፣ ክረምቱ ሲወጣ እመጣለሁ፣ ልጄን ሳሚልኝ ይላል። እናቴ ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ መኪናዋ ላይ ተቀመጠችና የያዘችውን ሸሚዝ እጅጌ ገልብጣ ሰፋችው። ፈታችው። እንደገና ገልብጣ ሰፋችው።

አክስቴ በማግስቱ ከበር ጀምሮ እልል እያሉ ገቡ። እናቴን አቀፉ፣ እኔን ሳሙ፣ መሬቱን ሳሙ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና እናቴን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«በይ እንግዲህ፣ ይኼን ፊት ምን እናድርገው?» አሉ።

እናቴ ጉንጯን በመዳፏ ሸፈነች።

«ወንድሜ ትቶሽ ሲሄድ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርሽ። እዚያ ሆኖ ሲያስብ የኖረው ያችን ነው። አሁን መጥቶ በሩ ላይ አሮጊት ብትቀበለው ምን ይላል? ወንድ ነው እኮ! ማዞሪያው ጋ ያለው ያ ወታደር ከግንባር በመጣ በወሩ ሌላ አላገባም?»

«እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለች እናቴ። ድምጿ የልጅ ነበር።

«የምልሽን አድርጊ። ደግሞ ሁለተኛ ነገር፣ ለቅሶ እንደተቀመጥንለት እንዳይሰማ። ሟርት ነው። ተዝካሩን በልተናል እኮ ጎበዝ! በቁሙ ተዝካሩ የተበላ ሰው ይኼን ሰምቶ ደህና ውሎ ያድራል?»

ጎረቤታችን በሩን ተደግፈው ቆመው ነበር። «እኛ ዘንድ እንኳ ሞተ የተባለ ሰው ዕድሜው ይረዝማል ነው የሚባለው» አሉ።

«እናንተ ዘንድ ይርዘም» አሉ አክስቴ። «እኛ ዘንድ ግን ጉንጯን ምን ነካው ካለ፣ የቆርቆሮ አጥር ነው ትሉታላችሁ። ሰማሽ አንቺም?» አሉኝ ወደኔ ዞረው። ሰማሁ አልኩ።

እኔ እናቴ፣ «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» ትላቸዋለች ብዬ ስጠብቅ፣ እሺ አለች። ያንን ክረምት ሙሉ እሺ አለች። ያ ሁሉ ዓመት ማንንም ያልሰማች ሴት፣ ጠዋት ማርና እርድ ተለውሳ፣ ጉንጯ እንደ አልጫ ወጥ ቢጫ ሆኖ የሰው ቀሚስ ትሰፋለች። ተናደድኩባት። አንድ ቀን ግን ውሃ ቀድቼ ስገባ ለጎረቤታችን ስትናገር ሰማኋት።

«አይቶኝ ፊቱን ቢያዞርስ?» ትላለች። «ሞተ ሲሉኝ ቻልኩት። በቁሙ መጥቶ፣ አይቶኝ ፊቱን ካዞረብኝ ግን እኔ አልችለውም። ያኔ ነው የምሞተው።»

«አያዞርም» አሏት ጎረቤታችን።

«በምን አወቅሽ?»

እኔ ባልዲዬን አስቀምጬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ማሩን የምለውስላት እኔ ሆንኩ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አክስቴ ማዞሪያው ጋ ያለ ጸጉር ቤት ወሰዷት፤ እኔም ተከተልኩ። ጸጉሯን ቀቧት፤ ከመጥቆሩ ብዛት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ሆነ። ቀለሙ ግንባሯና ጆሮዋ ላይ ወርዶ አልለቅ ስላለ ሳምንት ሙሉ በሻሽ ተሸፍና ከረመች። ከዚያ ደግሞ ካውያ። የጆሮዋን ጫፍ ጠበሷት፤ «ወይኔ!» ስትል፣ «ቁንጅና ያለ ሥቃይ የለም» አለቻት ባለሙያዋ። ፓውደሩን ያመጡት ጎረቤታችን ናቸው፤ ወድደው ሳይሆን እናቴ ለምናቸው። ለፈረንጅ የተሠራ ነው መሰለኝ፣ ሲቀባ ከአንገቷ በላይ ሌላ ሴት ሆነች። ጭረቶቹ ግን ጠፉ። የቀባኋት እኔ ነኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴ የሌሎቹን ልጆች እናት መሰለች፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት ይዣት እሄዳለሁ ብዬም አሰብኩ።

አባቴ የመጣው ጳጉሜ ውስጥ ነው፤ ጠዋት ዘንቦ ከሰዓት ፀሐይ በወጣበት ቀን። የመጣበት መኪና ማዞሪያው ላይ አወረደው፤ ከዚያ በእግሩ፣ ሰፈር ሁሉ ከኋላው። እልልታው ከሩቅ ተሰማን። እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ግቢው መሃል ቆማ፣ እጇን የት እንደምታደርገው አጥታ ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች። «እንዳታለቅሺ!» አሏት አክስቴ። «ይወርድብሻል!»

ገባ። ፎቶግራፉ ላይ ያለውን ጎረምሳ ስጠብቅ አንድ ሽማግሌ ገባ። ራሱ ጥጥ ሆኗል። የፊት ጥርሶቹ የሉም። ኮቱ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። «ሽበቱ እንዴት ያለ ግርማ ሰጠው!» አለች አንዷ ከኋላዬ። ኤዲያ! ይኼን ሰውዬ ማንም ጸጉር ቤት ውሰዱት አላለም፤ ማንም ማርና እርድ አልለወሰለትም።

አክስቴ አንገቱ ላይ ተጠምጥመው ሲያለቅሱ፣ እሱ በትከሻቸው ላይ አሻግሮ ግቢውን ይቃኛል። ዓይኑ እናቴ ላይ አረፈ፤ አለፋት። ጎረቤታችን ላይ አረፈ፤ አለፋቸው። እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ። ፊቱ በራ። እጁን ዘረጋና በእናቴ ስም ጠራኝ።

እልልታው ተቋረጠ። ቁርጥ እናቷን ይሉኛል፤ ሃያ ዓመቷ ላይ የነበራትን ፊት ይዤ ነው የወጣሁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እናቴን አየኋት። ያ የፈራችው ነገር ሲመጣባት አየሁ። ፊቱን አላዞረም፤ ከዚያ የባሰ ሆነ፣ ጭራሽ አላወቃትም።

እናቴ አላለቀሰችም። ዞር ብላ ወደ ቤታችን ጥግ ሄደች። እዚያ ከአሸንዳው ሥር የዝናብ ውሃ የምናጠራቅምበት በርሜል ነበር። ጎንበስ አለችና በሁለት እጇ እየዘገነች ፊቷን ታጠበች። «ኧረ በስማም! ምን ነክቷት ነው!» አሉ አክስቴ። ታጠበች፣ አሸችው፣ እንደገና ታጠበች፤ ያ ሁሉ የክረምት ልፋት በነጭ ቀሚሷ ላይ ወረደ። በነጠላዋ ጫፍ አበሰችውና መጥታ ፊቱ ቆመች።

«እኔ ነኝ» አለችው። «ያቺ ልጅህ ናት።»

አያት። ረዥም ጊዜ አያት። ከዚያ እጁን አንሥቶ ወደ ግራ ጉንጯ አስጠጋ፤ ሳይነካት ቆመ። «ይኼ ምንድን ነው?» አለ።

«ቆርቆሮ ነው!» አሉ አክስቴ ከሁሉ ቀድመው። «የቆርቆሮ አጥር ነው፣ ወንድምዬ።»

«ያንተ ለቅሶ ነው» አለች እናቴ። «ሞተሃል ብለው መርዶ ነገሩን። ድንኳን ጥለን አለቀስንልህ። ተዝካርህንም አውጥተናል።»

አክስቴ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አባቴ ግን አልደነገጠም። የመጀመሪያውን ጭረት ከላይ እስከ ታች በጣቱ ሄደበት። ሁለተኛውንም። ሦስተኛውን ፈልጎ አገኘው።

«እዚያ ስንት ሰው ቀበርን» አለ። «አንድ አልቃሽ የሌለው። እኔም ተራዬ ሲደርስ እንደዚህ ነው የምቀበረው፣ ማንም ሳያውቅ፣ እያልኩ ነው የኖርኩት።» ዞር ብሎ ሰውን ሁሉ አየ፣ እንደሚመሰክሩለት። «ለካ ተለቅሶልኛል! ለካስ ሰው ነበረኝ!»

ጉንጯን ሳመው። እናቴ ያኔ ጮኸች፤ ድንኳኑ ውስጥ ያልወጣው ጩኸት መሰለኝ። ግቢው ሁሉ አለቀሰ፤ አክስቴ ደግሞ እንደልማዳቸው ከሁሉ በላይ።

አልተዋትም። ሌላም አላገባም። በየጠዋቱ ከቤት ሲወጣ ጉንጯን በጣቱ ይነካና ነው የሚሄደው። ሰው ሲመጣ ይጠራታል፤ «ነይ እስቲ፣ አሳዪያቸው» ይላል፤ «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ይኸው እዩ!» እናቴም ትመጣለች፣ ፊቷን ታዞርላቸዋለች፣ ወደ መኪናዋ ትመለሳለች። ቀለሙ እያደር ለቀቀና ሽበቷ ተመለሰ። እሷ ሁለተኛ አልተቀባችም።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ አንድ ከሰዓት፣ ከጎኗ ተቀምጬ የቀሚስ ጫፍ እተረትርላታለሁ። አባቴ እንግዶቹን አሳይቶ ሊሸኛቸው ወጥቷል። እኔም፣ «እማዬ፣ ጭረቶቹን እንዴት ይወዳቸዋል!» አልኳት።

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «እነሱ እኮ የአክስትሽ ናቸው» አለች።

አልገባኝም።

«ድንኳኑ ሁሉ ሲያየኝ ነው የነጨሁት። ለሰው ዓይን። ያን ቀን መሞቱንም አላመንኩም ነበር፤ ምኑን አለቅሳለሁ?» ጨርቁን አስተካክላ ከመርፌው ሥር አስገባች። «ለአባትሽ ያለቀስኩት ሰው ከተበተነ በኋላ ነው። ስንት ዓመት፣ እዚችው ተቀምጬ። አንቺና ጎረቤት እንዳትሰሙኝ መኪናውን ባዶውን እየረገጥኩ። ለዚያ ግን ምልክት የለኝም።»

ዘይቱ ትዝ አለኝ። «ታዲያ ለምን አትነግሪውም?» አልኳት።

በመስኮቱ አየችው። ማዶ ቆሞ፣ በባዶ ድዱ እየሳቀ፣ ለእንግዶቹ የራሱን ጉንጭ በጣቱ ከላይ ወደ ታች እየሄደበት ያሳያቸዋል።

«ተዪው፣ ደስ ብሎታል» አለች። «በይ ያንን መቀስ አቀብዪኝ።»